ተገቢነት፦ በሰልፍ ውስጥ ያለች ቦታ የማን ናት?

በኢትዮጵያ እግር ኳስ «የተገቢነት ክስ» የሚባል አቤቱታ አለ። ተሸናፊው ቡድን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተጋጣሚው ያሰለፈው ተጫዋች መሰለፍ አልነበረበትም ብሎ ያስመዘግባል። ክሱ ስለ ተጫዋቹ ችሎታ የሚለው ነገር የለም፤ ግብ ማስቆጠሩንም አይክድም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ዕድሜው ስንት ነው? የየትኛው ክለብ ነው? ቅጣቱን ጨርሷል ወይ? ተገቢነት እንግዲህ «ምን ትችላለህ?» ሳይሆን «ማን ነህ?» የሚል ጥያቄ ነው። ውድድርም ይህ ሳይመለስለት አይጀመርም።

ልዩነቱ በማራቶን ጎልቶ ይታያል። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ፆታ ከሦስት ሯጭ በላይ አያሰልፍም፤ ስለዚህ ከዓለም ፈጣኖች መካከል የሆነ ኢትዮጵያዊ ቤቱ ተቀምጦ ሩጫውን በቴሌቪዥን ሊያይ ይችላል። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ላይ ሦስተኛ ቢወጣም ለሪዮ ዋናው ሰልፍ ውስጥ አልገባም። ቦታዎቹን የያዙት በዚያው ዓመት ዱባይን፣ ቶኪዮንና ቦስተንን ያሸነፉት ተስፋዬ አበራ፣ ፈይሳ ሌሊሳና ለሚ ብርሃኑ ነበሩ። ፈይሳ ከሪዮ የብር ሜዳሊያ ይዞ ወጣ፤ ቀነኒሳ ደግሞ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በርሊንን በ2:03:03 አሸነፈ። መራጮቹም ቅሬታ አቅራቢውም በየፊናቸው ማስረጃ አገኙ ማለት ነው። በፓሪስ 2024 ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ገባና በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ድሉ መራጮቹ መሳሳታቸውን አያረጋግጥም። ሰልፍ የችሎታ ደረጃ ሰንጠረዥ አለመሆኑን ግን ያሳያል፤ ሰልፍ የተወሰኑ ቦታዎችና የመግቢያ ደንባቸው ነው።

ደንቡ ራሱ መንገድ ላይ ሲለወጥስ? ለዚህ ጥያቄ የአሜሪካ ኮሌጆች የትግል ውድድርን ያህል ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። አንድ ቡድን አሥር ታጋዮችን ያሰልፋል፤ ከ125 ፓውንድ፣ ማለትም ከ57 ኪሎ ገደማ፣ አንስቶ እስከ 285 ፓውንድ ድረስ ለእያንዳንዱ የክብደት ምድብ አንድ ሰው። ሁለተኛው ጎበዝ ልምምድ ላይ የመጀመሪያውን እየታገለ ተራውን ይጠብቃል፤ አለዚያ ኪሎውን ቀንሶ ወይም ጨምሮ ሌላ ምድብ ይፈልጋል። ተማሪው ኮሌጅ ከገባበት ቀን ጀምሮ የአምስት ዓመት ሰዓት ይቆጠርለታል፤ በዚያ ውስጥ አራት የውድድር ዘመን መሳተፍ ይችላል። የቀረችው አንዷ ዓመት «ሬድሸርት» ትባላለች፤ ታጋዩ እየተለማመደ፣ ሳይሰለፍና ዘመን ሳይቆጠርበት የሚያሳልፋት የትዕግሥት ዓመት ናት።

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ የዓመቱን ሻምፒዮና አሰረዘ። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ቀጣዩ የ2020–21 ዘመን በክረምት ስፖርተኞች ላይ እንዳይቆጠር ወሰነ። ያቺ ያልተቆጠረች ዓመት ለፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ታጋይ ካርተር ስታሮቺ ቀድሞ የማይታሰብ በር ከፈተችለት፤ ከ2021 እስከ 2025 አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። አሠልጣኙ ኬል ሳንደርሰን በተማሪነቱ 159 ጊዜ ታግሎ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም፤ ዋንጫው ግን አራት ነው፤ አምስተኛ ማንሳት ደንቡ አይፈቅድለትም ነበር። ከእሱ በፊት ዳን ጌብል በ1960ዎቹ ሲታገል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ለዋናው ቡድን መሰለፍ አይችልም ነበርና ጣሪያው ሦስት ነበር። ሦስቱን ሰዎች በዋንጫ ቁጥር ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው፤ ሦስቱ የታገሉት በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ሥር ነው።

ክብረ ወሰኑ ግን የጉዳዩ ቀላሉ ገጽታ ነው። ከባዱ ያለው ከሻምፒዮኑ ኋላ በተሰለፈው ልጅ ዘንድ ነው። ዓመት ሲጨመር ቦታ አልተጨመረም፤ ምድቦቹ አሥር እንደሆኑ ቀሩ። ነባሩ አንድ ዓመት በቆየ ቁጥር ከሥሩ ያለው ተጠባባቂ አንድ ዓመት ያጣል። ይህ ልጅ ተበደለ ይባላል? «ቦታው ያንተ መሆኑን ማን ቃል ገባልህ?» የሚለው መልስ ጠንካራ ይመስላል፤ እውነትም ቦታው የእሱ አልነበረም። ነገር ግን ታትሞ የወጣ ደንብ ራሱ የቃል ያህል ነው። ልጁ ሬድሸርቱን የተጠቀመው፣ ኪሎውን የቀነሰው፣ ትምህርት ቤቱን የመረጠው የነባሩን መልቀቂያ ቀን ቆጥሮ ነው። የሚገባው ቦታው ባይሆን እንኳ ቆጠራው ነው፦ ደንቡ ሲለወጥ በአሮጌው ደንብ ዕዳውን የከፈለ ሰው በአዲሱ ዳግም መክፈል የለበትም።

አንዲት ዳኛ ለዚህ ሐሳብ ቅርብ የሆነ አቋም ይዘዋል። በኮሌጅ ስፖርተኞች ክፍያ ክስ የተደረሰው ስምምነት ለትግል ቡድን የ30 ሰው ጣሪያ አስቀመጠ፤ ቀድሞ የተወሰነው የስኮላርሺፕ መጠን እንጂ የሰው ቁጥር አልነበረም። ክላውዲያ ዊልከን በ2025 ስምምነቱን ከማጽደቃቸው በፊት በጣሪያው ሳቢያ ቦታቸውን የሚያጡ ነባር ስፖርተኞች መላ እንዲፈለግላቸው ጠየቁ፤ እነዚህ ተማሪዎች ከቁጥሩ ውጭ እንዲያዙ ሲፈቀድ ጁን ላይ ጸደቀ። ጣሪያው ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለውና አወራረዱ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚለው ሁለት ጥያቄ መሆኑን ማየታቸው ትልቅ ነገር ነው። ከወራት በፊት ሌላ ፍርድ ቤት የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቹ ዲዬጎ ፓቪያ በሁለት ዓመት ኮሌጅ ያሳለፈው ጊዜ እንዳይቆጠርበት ሲያግድ፣ ከኋላው ስለተሰለፉት ሊከራከር ችሎት የቀረበ ወገን አልነበረም። ዓመት የሚጨመርለት ሰው ስም አለው፤ የሚቀነስበት ግን ብዙ ጊዜ የለውም።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከሚዛን አማን ወደ ደቡብ፣ ከማጂ ተራሮች ማዶ በኪቢሽ አካባቢ፣ የሱሪ ብሔረሰብ ሰዎች ተገቢነትን የሚቆጥሩት በዓመት አይደለም። በዶንጋ ፍልሚያ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ የእንጨት ዘንግ ይዘው የሚገጥሙት ገና ያላገቡ ወጣቶች ናቸው። ወጣቱ ጭንቅላቱን፣ ክርኑንና ጉልበቱን በተጎነጎነ ገመድ ወይም በጨርቅ ጠቅልሎ ይገባል፤ ዳኛው በመካከል ይቆማል፤ የወደቀን መምታት ነውር ነው። ሰው መግደል ካሳ ያስከፍላል፤ ዘመዳሞችም አይጋጠሙም። ከዕድሜ ደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሻግረው ሥርዓት በየዓመቱ ስለማይደረግ፣ አንዳንዴም አሥርት ዓመታት ስለሚያልፉ፣ በጉልምስና ዕድሜ ያለ ሰው በማኅበረሰቡ ዓይን ገና ወጣት ሊሆን ይችላል። እዚህ «ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቁጥር ሳይሆን ዝምድናና ደረጃ ነው። የልደት ሰነድ ስለሌለበትም ሰነድ አያጭበረብሩበትም፤ በሌላ በኩል ሥርዓቱ የሚዘገየው ሽማግሌዎች እስኪስማሙ በመሆኑ ለወጣቱ የበለጠ ፍትሐዊ ነው ማለት ያስቸግራል።

የዘመናዊ ስፖርት ደንብ ግን ዓመት ይፈልጋል፤ ዓመቱም ወረቀት ይፈልጋል። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከዚያ በፊት በቤንች ወይም በሸኮ የቡና መንደር ቤት ውስጥ የተወለደ ልጅ ዕድሜው ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአንድ ትልቅ ክስተት ወይም በታላቅ ወንድሙ ልደት ተለክቶ ነው፤ መታወቂያው ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ግምት ነው። ከ17 ዓመት በታች ቡድን ሲመረጥ የዚህ ልጅ ግምትና ሆን ብሎ የተቀነሰ ዕድሜ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ፊፋ ይህን ለመለየት ከ2009ኙ የናይጄሪያ የታዳጊዎች ዓለም ዋንጫ ጀምሮ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ያስመረምራል። የአንጓው አጥንት እድገት ጨርሶ ሙሉ በሙሉ ከተጋጠመ ተጫዋቹ አይሰለፍም፤ ወረቀቱ ምንም ቢል። ሆኖም ከ17 ዓመት በፊት አጥንታቸው የሚጋጠም በጣም ጥቂት ልጆች አሉ፣ እነሱም ትክክለኛ ዕድሜያቸውን ተናግረው ከሰልፍ ይወጣሉ።