የማን ልጅ ነህ?

ከብቸናም ሆነ ከሞጣ የመጣ መንገደኛ በደጀን አርፎ ወደ አባይ በረሃ ለመውረድ ሲሰናዳ፣ ከአፋፉ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ የማያውቀውን ጎልማሳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሥራውን ወይም አገሩን ሳይሆን «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ነው። ጥያቄው አጭር ቢመስልም በጎጃም በአንድምታ የሚፈታ ነው፤ አንድም አባትህ ማን ይባላል ማለት ነው፤ አንድም እናትህ ከማን ቤት ወጣች ማለት ነው፤ አንድም ከየትኛው ዋና አባት ተቆጥረህ በየትኛው ርስት ላይ ድርሻ አለህ ማለት ነው፤ የ1967ቱ አዋጅ መሬትን የሕዝብ እስኪያደርግ ድረስ ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበርና።

እንግዲህ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የማይችል ሰው ህላዌው በምን ይታወቃል?

ነገሩ የመላምት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ብቻ ከ2,500 በላይ የኢትዮጵያ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በቀን የሚታየውን ጉዳይ በአምስት ወሰነው፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን ጨርሶ ከለከለ። በሩ ተዘጋ፤ የሄዱት ግን አድገዋል፤ ጥያቄውም ከሁለተኛው መደብ ወደ አንደኛው ዞሮ «የማን ልጅ ነኝ?» ሆኗል።

በዚህ መንገድ ኮርያውያን ቀድመውናል። ከኮርያ ጦርነት ወዲህ 200,000 ያህል የኮርያ ልጆች ወደ ምዕራብ አገሮች እንደ ተላኩ ይነገራል፤ አድገው ሲመለሱም ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በሕይወት ሳሉ «ወላጅ አልባ» ተብለው መመዝገባቸውን፣ አንዳንዶቹም በሌላ ሕፃን ስም መላካቸውን አወቁ። ድምፃቸውን አሰምተው አቤት ስላሉ የአገራቸው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መንግሥት ለሐሰተኛው መዝገብ ተጠያቂ መሆኑን አስታወቀ። በ1943 ዓ.ም. በዚያ ጦርነት ለመዋጋት ቡሳን የወረደው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃና ተተኪዎቹ በዶንግዱቾን የሙት ልጆችን ቤት ከደመወዛቸው እያዋጡ ይረዱ ነበር፤ የባዕዱን ልጅ በዚያው በአገሩ ያሳደገ ያ ወታደር፣ የራሱ ወገን ልጆች ኋላ የኮርያን ልጆች ፈለግ እንደሚከተሉ ማን በነገረው!

እኔ እንደሚመስለኝ የጥፋቱ ሥር ሁለት የተለያዩ ግብሮች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ወንድሞቻችን የተቀበልነው፣ ማሳደግን የሚናገር ቃል ነው፤ በእኛም ዘንድ ማር የተቀባ አውራ ጣት ጠብቶ የጡት ልጅ መሆን የቆየ ሥርዓት ነው። ይህ ሁሉ ወላጅ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ጉዲፈቻው ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ደንግጓል። በአብዛኛዎቹ ተቀባይ አገሮች ሕግ ግን ፊተኛው ልደት ይፋቅና ሁለተኛው በቦታው ይተካል። ልጁን ደበሎ አልብሶ፣ አኮፋዳ አስይዞ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ለቅኔ መስደድን የለመደ የጎጃም አባት፣ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ፣ ልጄ ተምሮ ይመለሳል ከማለት በቀር ሌላ ምን ሊያስብ ኖሯል?

«በልተህ ጠግበህ፣ ተምረህ ሰው ሆነህ፣ ደግሞ ምን ጎደለኝ ትላለህ?» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሙሴን የፈርዖን ልጅ ስም አውጥታ በቤተ መንግሥት አሳደገችው፤ የወለደችው እናቱም በደመወዝ አጠባችው፤ በጎለመሰ ጊዜ ወንድሞቹን ሊያይ ቢወጣ ከመምህራን ውለታ ቢስ ያለው የለም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚል ሕዝብ፣ ለመሬት የፈቀደውን ለልደት ሊነፍግ አይገባውም። ልደት አዋጅ የማይወርሰው ርስት ነውና።

ስለ እናቲቱ ግን ልቤ ይከፈላል። በድብቅ ወልዳ፣ ሰጥታ፣ ኋላ ያገባች ሴት በሯ ድንገት ቢንኳኳ፣ የልጁ መብት የእርስዋን ምስጢር ይገልጥ ዘንድ ይገባልን? ለዚህ የተዘጋጀ ፍርድ የለኝም፤ ሆኖም ዝምታዋ የራስዋ ፈቃድ ሲሆንና ሌላው በሐሰት መዝገብ ሲጭንባት አንድ አይደለም።

ስለዚህ በደጀንም፣ በብቸናም፣ በሞጣም ያላችሁ ካህናትና የቀበሌ ጸሐፊዎች፣ ከቤቱም ልጅ የሰደደ ወላጅ ሁሉ፣ አደራ፦ ልጁ በ40፣ ልጅቱም በ80 ቀን የተጠመቁበትን ደብር፣ የክርስትና ስማቸውን፣ የልጁን የክርስትና አባት፣ የልጅቱን የክርስትና እናት፣ የእናቲቱንም መንደር የሚያስታውስ ሰው ሳያልፍ በቀለም ጻፉት።