በውስጥም በውጭም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው ጽሑፋችን በሕፃን ልጅ መኝታ ክፍል ስለሚቀመጥ የእንጨት መጫወቻ ሣጥን ነው። «ይህ ከቃለ እግዚአብሔር ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን በ2017 ዓ.ም. ክረምት ለአንድ የክፍላችን አባል ታናሽ ወንድም እንዲህ ያለ ሣጥን ስንሠራ የተማርነውን ለእናንተም ልናካፍል ወደድን።

መኝታ ክፍል ስንል ብዙዎቻችን የምናውቀውን ዓይነት ነው፤ በመጋረጃ የተከፈለች አንዲት ጥግ። ልጁ የጨርቅ ኳሱን፥ የሽቦ መኪናውን፥ ብዩንና ቆርኪውን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ አልጋ ሥር ይወሽቅ ነበር። የራሱ ሣጥን ያለው ልጅ ግን ንብረቱን መሰብሰብን፥ ጓደኛው ሲመጣም ከፍቶ ማካፈልን ይማራል።

የእጅ ሥራ የተናቀ ነገር አለመሆኑን በመጀመሪያ እናስታውስ። በአገራችን ባለ እጅን በስድብ ስም መጥራት የቆየ ክፉ ልማድ ነበር። መድኃኒታችን ግን በናዝሬት የጸራቢ ልጅ (ማቴ. 13፥55)፥ ራሱም ጸራቢ (ማር. 6፥3) ተብሎ ተጠርቷል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 የምናገኘው ባስልኤልም የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት፥ ወርቅና ብር ብቻ ሳይሆን እንጨትም እንዲቀርጽ ነው።

ሥራውን እንዲያሳዩን አንድ በዕድሜ የገፉ አናጺ አባት ለመንን። ለማዕዘኑ የደረቀ ዋንዛ፥ ለጎኑና ለክዳኑ ኮምፔንሳቶ መረጡልን። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ እየተጣመመና እየተሰነጠቀ ስለሚያስቸግር አልፈለጉትም። ርዝመቱን 80፥ ወርዱን 45፥ ቁመቱን 40 ሳንቲ ሜትር አደረግነው፤ ልጁ ቆሞ እጁን ሲሰድ ወለሉን እንዲነካ፥ ጎንበስ ብሎም በራሱ እንዳይደፋ ነው።

ጣውላው ተቆርጦ ከተላገ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት አደሉንና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፥ ከውስጡ ጀምሩ። ውጭውን እንግዳ ያየዋል፤ ውስጡን ግን ልጁ በእጁ ይዳስሰዋል።» እኛም በመጀመሪያ በሻካራው፥ ቀጥሎ በለስላሳው ወረቀት የእንጨቱን መሥመር ተከትለን ውስጡን አለሰለስን። ማዕዘኑን ሁሉ አደነበዝን። ሚስማር ጫፉን ወደ ውስጥ እንዳያወጣ በኮላና በብሎን አያያዝነው። አንዳንድ ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ስላለበትና እርሱም የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ፥ ምንነቱ ያልታወቀ የቆየ ቀለም አልቀባንም።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ይህ የአናጺው ምክር በመጽሐፍ ቅዱስም አለ። እግዚአብሔር ኖኅን መርከብ ሥራ ባለው ጊዜ በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንዲለቀልቃት አዘዘው (ዘፍ. 6፥14)። ለሙሴም ታቦቱን ከማይነቅዝ እንጨት፥ ርዝመቱን ሁለት ክንድ ተኩል፥ ወርዱንና ቁመቱን አንድ ክንድ ተኩል አድርጎ እንዲያሠራው ሲነግረው፥ በውስጥም በውጭም በጥሩ ወርቅ እንዲለብጠው አዘዘው (ዘጸ. 25፥10-11)። ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ የታቦቱን ውስጥ ማን ያየዋል? ያዘዘው ያየዋል።

ሌላው ነገር የክዳኑ ነው። ከባድ ክዳን በልጅ አንገት ወይም ጣት ላይ ይወድቃል። ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱም ሣጥን ውስጥ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ክዳናቸው ሲዘጋ ራሳቸውን የሚቆልፉ 12 ሚሊዮን ያህል የእንጨት ሣጥኖች ቁልፋቸው እንዲለወጥ ማስታወቂያ ወጣ፤ ምክንያቱ ሕፃናት ውስጣቸው ታፍነው መሞታቸው ነው። ሁሉም ሳይለወጡ ቀርተው ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2014 በዚሁ ዓይነት ሣጥን ውስጥ ወንድምና እኅት አብረው ሞቱ። ሣጥኖቹን የሠሩት ሰዎች ክፋት አላሰቡም፤ ውስጡ ልጅ ሊገባ እንደሚችል ግን አላሰቡም።

ስለዚህ እኛ ቁልፍም ማጠፊያም አላደረግንለትም፤ ክዳኑ ተነሥቶ የሚቀመጥ ቀላል ኮምፔንሳቶ ነው። በፊቱና በሁለቱ ጎኖች ወደ ላይኛው ጠርዝ ተጠግተን አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች በሳን፤ በጀርባው ብቻ ቢሆን ግድግዳ ይደፍነዋልና። በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፥ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ታዟል። እንግዲህ መከታ ማበጀት ከጽድቅ ሥራ ይቈጠራል፤ ለማያውቅ ልጅ ቀድሞ ማሰብ ፍቅር ነውና።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ውጫችን አምሮአል። ነጠላችን ነጭ ነው፤ ዝማሬያችን ይሰማል። ጌታችን ግን የጽዋውን ውጭ እያጠቡ ውስጡን የተዉትን ገሥጿቸዋል (ማቴ. 23፥25-26)። ፈተና ላይ ከጎረቤት ወረቀት መቅዳት፥ የማኅበር ገንዘብ ይዞ ሒሳቡን ማድበስበስ፥ ከመዝሙር ጥናት ወጥቶ በመንገድ ላይ ወንድምን ማማት፥ ይህ ሁሉ ያልለሰለሰ ውስጥ ነው።

በዚህ የሚጎዳው ማን ነው? እንግዳ አይጎዳም፤ እርሱ ውጫችንን አይቶ አመስግኖን ይሄዳል። የሚጎዱት ከሕፃናት ክፍል እየሮጡ መጥተው እጃችንን የሚይዙት ታናናሾቻችን ናቸው። እነርሱ እቤትም በመንገድም ያዩናል፤ የምንናገረውን ይሰማሉ፤ የሰሙትንም ይደግማሉ። እጃቸውን ወደ ውስጣችን ይሰዳሉ፤ እሾኽ ካለ የሚወጋው እነርሱን ነው። ከእነዚህ ከታናናሾች አንዱን ማሰናከል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ጌታችን በማቴዎስ 18፥6 ተናግሯል።

ስለዚህ ዛሬ እቤታችን ስንገባ ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፥ በቤታችን ሕፃን ካለ የሣጥኑን ሁሉ ክዳንና ቁልፍ እንመልከት፤ የሚቆለፈውን እንንቀል፥ ሹል ሚስማሩን እናጉብጥ። ሁለተኛ፥ ማታ ከጸሎት በፊት ውስጣችንን እንዳስስ፤ የሻከረውንም ለንስሐ አባታችን ለመንገር አንፈር።

ሕፃናትን ወደ እርሱ ይመጡ ዘንድ የፈቀደ አምላክ ውስጣችንን ከውጫችን ጋር ያስተካክልልን፤ ታናናሾቻችንንም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።