ከኋላ የሚገባው አቧራ

በበጋ በአፋር ቆላ ወይም በታችኛው ኦሞ ጠጠር መንገድ የሚነዳ ሰው አቧራውን የሚጠብቀው ከፊት ነው። መስታወቱን ጠርቅሞ ይዘጋል፣ የአየር ማስገቢያውን ይደፍናል፣ ያለቀውን የበር ጎሚኒ ያስቀይራል። ማምሻውን ግን ክሩስኮቱን በጣቱ ቢያብስ ብናኝ ያገኛል፤ ከኋላ የተጫነው ሻንጣማ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። እንደ ላንድክሩዘር ያለ ጀርባው ቀጥ ያለ መኪና አየሩን እየሰነጠቀ ሲሄድ ከኋላው የአየር ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ ጎማው ያስነሳው አቧራም እየተጠቀለለ ወደዚያው ይመለሳል። የጎን መስታወት ከተከፈተ ደግሞ የውስጡ አየር በዚያ ተስቦ ይወጣና፣ የጎደለውን ሊሞላ አቧራው በኋላ በር ስንጥቅ ይገባል። ልምድ ያላቸው ሹፌሮች መስታወቱን ዘግተው ፋኑን ከፍ ያደርጋሉ፤ የውጭው አየር በፊልትሮ እየተጣራ እንዲገባም ይተዋሉ። ውስጡ በግፊት ሲሞላ አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል፤ አቧራው መግቢያ ያጣል።

ይህ የጋራዥ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ንጽሕናን አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው በመዝጋት ነው፦ ዓይንን መከልከል፣ ጆሮን መድፈን፣ ከክፉ ባልንጀራ መራቅ። እኔ ግን መዝጋት ብቻውን ሰውን አይጠብቅም፣ የሚጠብቀው ሙላት ነው እላለሁ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ርኩሱ መንፈስ የተመለሰበት ቤት ተጠርጎ፣ አጊጦ ነበር፤ ጉድለቱ ባዶ መሆኑ ነው። አባቶቻችንም ጾምን ነጥለው አላስተማሩም፤ ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ብለው አንድ ላይ ይጠሯቸዋል። ጾም ይዘጋል፣ ጸሎት ይሞላል፣ ምጽዋት ከሞላው ወደ ውጭ ያፈሳል። ሥጋና ወተት የተወ አፍ ጸሎት ካልሞላው ሐሜት እንደሚገባበት የሁዳዴ ጾምን በሰው መካከል ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ውስጡን የሚሞላው አየር ራሱ ከአቧራማው ውጭ አይደለም ወይ የሚመጣው የሚል ይኖራል። ነው እንጂ፤ ፊልትሮ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ፊልትሮውም ይቆሽሻል፣ እየወጣ ይራገፋል፣ ሲያልቅ ይቀየራል። ማስተዋልም እንዲሁ በየጊዜው ካልታየ ይደፈናል። የበረታው ተቃውሞ የመናንያን ነው፤ እነሱ በራቸውን ዘግተው አይደለም ወይ የተቀደሱት? የጭነት መኪና ከፊት ሲመጣ ሹፌሩ የውጭውን አየር ለጥቂት ጊዜ ይዘጋል፤ ደግ አደረገ። በዚያው ከቆየ ግን ግፊቱ ይጠፋና አቧራው ከኋላ መግባት ይጀምራል። መናኙ በዓቱን የዘጋው ባዶ ሊቀመጥ አይደለም፤ ዳዊቱ፣ ሰዓታቱ፣ ስግደቱ ቀንና ሌሊቱን ይሞሉታል፤ ስለ ዓለምም ይለምናል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን መንገድ ዳር የሚሄደው ሰው ነው። ጠጠሩ ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር፤ አቧራውን ያስነሳው መኪናው ነው። ውስጥ ያለው ንጹሕ አየር ሲተነፍስ ጄሪካን ያዘለችው ሴት ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ትይዛለች፤ ከሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ያነሰው ብናኝ ግን ነጠላውን አልፎ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ርኵሰትን የሚለካው ወደ ሰው በሚገባው ሳይሆን ከሰው በሚወጣው ነው፤ በዚያ መለኪያ ውስጡ የጠራ መኪና ገና ንጹሕ አልተባለም። ሙላት ያልሁትም አቧራውን ወደ ባልንጀራ መግፋት ከሆነ ክርክሬ ይፈርሳል። እንዳይፈርስ የሚያደርገው ፍጥነትን መቀነስ ነው። ፍጥነት ሲጨምር የሚነሳው አቧራ ይጨምራል፣ ከኋላ የሚስበው ኃይልም ይበረታል፤ ሲቀንስ ሁለቱም ይቀንሳሉ። ስለዚህ በውስጥ ላለውም በእግር ለሚሄደውም እኩል የሚበጀው ቀስ ማለት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሹፌሩ፣ በራሱ ጊዜ ነው። ምጥ የያዛት እናት የጫነ አምቡላንስ ይፍጠን፤ የሚቃወመው የለም። አብዛኛው ጉዞ ግን እንዲህ አይደለም፤ መንደሩን በሁለተኛ ማርሽ ቢያልፍ የሚዘገየው ጥቂት ደቂቃ ነው።