የሚገባው ማን ነው?
ስለ ትምህርት ዕድል አሰጣጥ የቀረበ አሳብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ነጻ የትምህርት ዕድል አመልካቾችን ከሚመርጡት አምስት ሰዎች አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። ዕድሉ የሦስት ወጣቶችን የኮሌጅ ክፍያ፣ ማደሪያና ቀለብ የሚሸፍን ነበር፤ ለቃለ መጠይቅ የተጠሩት ግን አሥራ አንድ ነበሩ። ሁለቱን ቦታዎች ያለ ብዙ ክርክር ሰጠን። ለሦስተኛው ሁለት ልጆች ቀሩ፤ አንዱ በአዲስ አበባ የተማረ፣ ሌላው ከመንዝ የመጣ። የፈተና ውጤታቸው የተቀራረበ ስለ ነበር የሚለያቸው ቃለ መጠይቁ ሆነ።

የአዲስ አበባው ልጅ ቀና ብሎ ገባ፤ ስለ ራሱ፣ ስለ ወደ ፊት ዓላማውና በትምህርት ቤቱ ክበብ ስለ ነበረው ኃላፊነት በአማርኛም በእንግሊዝኛም በሚገባ አስረዳ። የመንዙ ልጅ «ግባ» እስኪባል በር ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ከተቀመጠም በኋላ ጋቢውን ሰብስቦ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «ይህ ዕድል ለምን ይገባኛል ትላለህ?» ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነበርሁ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «እሱንማ እርስዎ ያውቃሉ፣ አባ» አለ። «ሌሎችን የመራህበት ጊዜ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅም «የለም» ብሎ መለሰ። እኔም «በራስ መተማመን» በሚለው መስፈርት ከአምስት ሁለት ሰጠሁት፤ ቦታውም ለሌላው ሆነ።

ከወራት በኋላ የዚያን ልጅ መምህር አገኘሁት። የልጁ ቤተ ሰቦች ከመሐል ሜዳ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቀው የሚኖሩ ገብስ አራሾች ናቸው። ልጁ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው ተማሪዎች በከተማው አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ቅዳሜ ወደ ቤቱ እየሄደ፣ እሑድ የሳምንቱን በሶና ቆሎ ተሸክሞ እየተመለሰ ነበር የተማረው። በዚያች ክፍል ከእርሱ በዕድሜ የሚያንሱ ሦስት የመንደሩ ልጆች አብረውት ያድሩ ነበር። ስንቅ ያለቀበትን ከራሱ ያካፍል፣ ማታ ማታ በአንድ ኩራዝ ያስጠናቸው፣ አንዱ ሲታመም ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሰው እንደ ነበር መምህሩ ነገረኝ። እኛ «የመራህበት ጊዜ አለ?» ስንለው ይህን እንደ አመራር አልቈጠረውም። ለእርሱ ይህ የታላቅ ወንድም ግዴታ እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ያን ቀን ፍርድ አጓደልን ወይስ አላጓደልንም? ጉቦ አልተበላም፤ ዘመድ አልተጠቀመም፤ ሕጉም አልተጣሰም። የተመረጠው ልጅ ትጉህና መልካም ነው፤ በእርሱ ላይ የምለው አንዳች ነገር የለኝም። ይሁን እንጂ ልቤ አላረፈም። ክፉ አሳብ ሳይኖርበት የሚፈጸም አድልዎ ይኖር ይሆን? ይህ ጥያቄ በትምህርት ቤት፣ በቁምስናና በዘርአ ክህነት ምርጫ ላይ የምንቀመጠውን ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው ወደድሁ።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ ፍትሕ ሲያስተምር ለሰው ፊት ማድላትን ለብቻው ያነሣዋል። አንድን ሰው በቂ ዕውቀት ስላለው መምህር አድርጎ መሾም ለጉዳዩ የሚገባውን ምክንያት ማየት ነው፤ ባለጸጋ ስለሆነ ወይም እገሌ ስለሆነ ብቻ መሾም ግን አድልዎ ነው ይላል። ቀጥሎም አንድ ምክንያት ለአንዱ ነገር ትክክል፣ ለሌላው ስሕተት ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል። ዝምድና የአባትን ሀብት ለመውረስ ተገቢ ምክንያት ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ሹመት ግን አይደለም። ይህን የመንዝ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል፤ በአጽመ ርስት ዘመን መሬት የሚጠየቀው የትውልድ ሐረግ እየተቈጠረ ነበርና፣ ሐረግ መቍጠር በርስት ሙግት ተገቢ ነበር። ለፍርድ ወንበር ወይም ለክህነት ግን ሐረግ መቍጠር ነውር ነው።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን የእኛን ምርጫ እንመዝነው። አንደበተ ርቱዕነት ለጠበቃ ወይም ለዜና አንባቢ ተገቢ ምክንያት ነው። ያ ልጅ ግን የጠየቀው እርሻ ለመማር ነበር። ለእርሻ ትምህርት የሚያስፈልገው ትጋት፣ ማስተዋልና ጽናት ሲሆን፣ እኛ የመዘንነው ስለ ራስ የመናገር ልማድን ነው። ይህም ልማድ ከተፈጥሮ ሳይሆን ከአስተዳደግ የሚገኝ ነው። በደጋው አገር የጨዋ ልጅ የሚባለው በታላላቆች ፊት ዓይኑን የሚሰብር፣ ሳይጠየቅ የማይናገር፣ «እኔ» ማለትን የሚያፍር ነው። እናቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ «ራስህን አታመስግን» ብላ ያሳደገችውን ልጅ፣ እኛ በሩብ ሰዓት ውስጥ ራስህን አመስግን አልነው፤ የእናቱን ትምህርት ስላልካደም ነጥብ ቀነስንበት። በእርግጥ አገራችን «ዝም አይነቅዝም» እንደምትል ሁሉ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ትላለች። ሁለተኛው ምሳሌ ግን የዓለምን አካሄድ የሚነግረን እንጂ አካሄዱ ትክክል ነው የሚለን አይደለም።

ምናልባት አንባቢ፣ «ችግሩ ቃለ መጠይቁ ከሆነ ይቅር፤ ወረቀት ፊት አያይም፤ ፈተናው ብቻ ይፍረድ» ይል ይሆናል። ይህ አሳብ ክብደት አለው። በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊው ፈተና ተሰርቆ ሲሰረዝ የደረሰውን ያየ ሰው፣ በጥብቅ የተጠበቀ ፈተና ለድኻ ልጅ ምን ያህል ጋሻ እንደሆነ ያውቃል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግን ሌላ እውነት ተገለጠ። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ወይም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409፣ ማለትም 5.4 በመቶ አለፉ። በ2015ና በ2016 ዓ.ም. ፈተናዎች በእያንዳንዳቸው ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ሁሉ አንድ አስተዋይ ልጅ አልነበረም ሊባል ነውን? ወረቀቱ ፊትን አያይም፤ ነገር ግን መንገዱንም አያይም። ቤተ ሙከራ ያየውንና ያላየውን፣ መምህር ያለውንና የሌለውን በአንድ መስመር ላይ አቁሞ ይቈጥራል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት፣ ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ የጐደለው ነገር በውጤት ወረቀቱ ላይ አይጻፍም።

ስለዚህ ቃለ መጠይቅ መልካም ሆኖ ሊሠራበት የሚችለው በዚህ ነው፤ ወረቀቱ ያላየውን መንገድ ማየት ይችላል። እኛ ግን ያን ቀን ይህን መንገድ ሳንጠይቅ፣ ወረቀቱ ያላየውን ፊት ብቻ አይተን ተነሣን።

ሌላም ብርቱ ተቃውሞ አለ። «ርኅራኄ ፍትሕ አይደለም። አቅም የሌለውን ልጅ ኮሌጅ አስገብቶ በመጀመሪያው ዓመት እንዲወድቅ ማድረግ ጭካኔ ነው፤ የሌላውንም ቦታ ማባከን ነው» ይባላል። ይህ እውነት ነው። ለድኽነት ሲባል ብቻ ዕድል መስጠትም ሌላ ዓይነት ፊት ማየት ነው። ነገር ግን አቅም ማጣትና አቅምን ማሳየት አለመቻል የተለያዩ ናቸው። በ1786 እ.ኤ.አ. የተወለደው የአርሱ ካህን ቅዱስ ዮሐንስ ማርያ ቪያኒ በልጅነቱ የፈረንሳይ አብዮት ትምህርቱን ስላሰናከለበት፣ በዘርአ ክህነት በላቲን ቋንቋ ሲፈተን መመለስ ተሳነው። አሳዳጊ መምህሩ አባ ባሌ ግን አልተዉትም፤ በሚያውቀው ቋንቋ በፈረንሳይኛ እንዲጠየቅ አደረጉ፤ መለሰም። በ1815 እ.ኤ.አ. ካህን ሆነ፤ ዛሬ የቁምስና ካህናት ሁሉ ጠባቂ ነው። ጥያቄው አልቀለለለትም፤ የተለወጠው የተጠየቀበት ቋንቋ ነው። ራሱ ቅዱስ ቶማስም በተማሪነቱ ዝምታውን ያዩ ጓደኞቹ «ዲዳው በሬ» ይሉት እንደ ነበር ይተረካል፤ ከዝምታው በስተ ኋላ ያለውን ያስተዋለ መምህሩ ታላቁ አልቤርቶስ ነበር።

በአገራችንም የመምረጥን ኃላፊነት ከማዘጋጀት ጋር ያያያዙት ሰዎች ነበሩ። ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ያስተማሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን፣ በ1950 እ.ኤ.አ. በዶክተር ሉስየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ከፈቱ። የካህን ልብስ ሳይለብሱ፣ ሃይማኖታቸውን ሳይሰብኩ ለማስተማር ብቻ ነበር የመጡት። በኮሌጁ ትምህርቱ፣ ማደሪያውና ምግቡ በነጻ ስለ ነበር የገጠሩ ልጅ ከመኳንንት ልጅ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጥ ነበር። በኋላም በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን ሰብስቦ ለኮሌጅ ያዘጋጅ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማለፊያ ነጥብ ላላገኙ ተማሪዎች የተጀመረው የማካካሻ ትምህርትም አሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የጐደለውን ሳይሞሉ መፍረድ ተገቢ አለመሆኑን መቀበል ነው።

ከዚህ ሁሉ በታች ግን አንድ ሥር የሰደደ ስሕተት ያለ ይመስለኛል። ይኸውም «ለምን ይገባሃል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ነው። ነጻ የትምህርት ዕድል የድካም ዋጋ ቢሆን ኖሮ ማን የበለጠ እንደ ደከመ ቈጥሮ መክፈል ይበቃ ነበር። ነገር ግን ዋጋ ሳይሆን አደራ ነው። በመንዝ የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት የጠበቁ አባቶች ሜዳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፍቱት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ እስኪለወጥ ድረስ በዚህ ኖረዋል። በመክፈቻው ቀን ብርቱ ክንድ ያለው ብዙ ሣር ያጭዳል፤ ድካሙም አይካድም። ሣሩን ያቆየው ግን የእርሱ ክንድ አይደለም፤ ለዓመታት ከብቱን የመለሰው ጎረቤቱ ሁሉ ትዕግሥት ነው። የተማረም ሰው እንዲሁ ነው። የሚያጭደው በራሱ ትጋት ነው፤ ሣሩን ግን ሌሎች አቆይተውለታል፤ ሳትማር እርሱን ያስተማረች እህት፣ በሬውን የሸጠ አባት፣ በማያውቀው አገር ሆኖ ከዕለት ገቢው የመጸወተ ምእመን። ጌታ በመክሊቱ ምሳሌ ያስተማረንም ይህንኑ ነው፤ መክሊቱ የባለቤቱ ነው፤ አገልጋዩ የሚጠየቀው በተሰጠው ምን እንዳደረገ ነው።

ጥያቄያችን «ለምን ይገባሃል?» መሆኑ ቀርቶ «በተሰጠህ ጥቂት ነገር ምን አደረግህበት? ለማንስ ተረፈ?» ቢሆን ኖሮ፣ ያ ልጅ ስለ በሶው፣ ስለ ኩራዙና ስለ ሦስቱ ልጆች ይነግረን ነበር። ስለ ራሱ መናገር ቢያፍር ስለ እነርሱ መናገር አያፍርም ነበርና። ስለዚህ በምርጫ ለምንቀመጥ ሁሉ ይህን አሳስባለሁ። ልጁ በሚቀናው ቋንቋ ይናገር። ከመፍረዳችን በፊት የሚያውቀውን መምህር እንጠይቅ። እያንዳንዱ መራጭ ከሌላው ጋር ሳይመካከር ነጥቡን አስቀድሞ ይጻፍ። ትምህርቱ የማይጠይቀውን ጠባይ መስፈርት አናድርግ። ያልተመረጠውንም ምክንያቱን ነግረን በክብር እናሰናብተው እንጂ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሙን እንዲያጣ ብቻ አንተወው። የተመረጠውም ቢሆን የተቀበለውን እንደ ግል ሀብቱ እንዳይቈጥር፣ ያልተመረጠውም በእግዚአብሔር ፊት ዋጋው በእኛ ነጥብ እንዳልተለካ እንዲያውቅ ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው።

ያ ልጅ በኋላ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገብቶ፣ አሁን በአንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። አንድ ቀን በደብረ ብርሃን ከተማ አገኘሁትና በዚያ ቀን እንደ ተሳሳትሁበት ነገርሁት። እንደ ልማዱ መሬት መሬት እያየ፣ «ይተዉት አባ፤ እግዜር ያለው ነው የሚሆነው» አለኝ። ይህ ቃል ከእርሱ አፍ ሲወጣ ትዕግሥትና እምነት ነው። እኔ ብደግመው ግን ማምለጫ ይሆንብኛል። ከአምስት ሁለት ብሎ የጻፈው እግዚአብሔር አልነበረም፤ እኔ ነበርሁ። አምላካችን ፍርዱን በአደራ ለሰጠን ለሁላችን የሚያስተውል ልብ ይስጠን።