ከሙስዐብ በኋላ 29 ዓመት



ሳንሱሲ ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ መንገድ ዳር ቆም ብለህ ተመልከት። አንዱ ሸራ ዘርግቶ ካልሲና ቻርጀር ይሸጣል። ሌላው የውርርድ ቤት በር ላይ ወረቀቱን ጨብጦ የእንግሊዝን ጨዋታ ውጤት ይጠብቃል። ሦስተኛው ስልኩን ደጋግሞ ያያል፤ ዐረብ ሀገር ያለችው እህቱ ትልክለት እንደሆን። ሦስቱም ጁሙዓ ላይ አንድ ሰፍ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። አንተ የትኛው እንደሆንክ ታውቀዋለህ። ለሦስቱም ግን ዛሬ የአንድ ነጋዴ ታሪክ አለኝ።

በነቢይነቱ 5ኛ ዓመት፣ በፈረንጆች 615 ገደማ፣ ወደ ሐበሻ ከተሰደደው የመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ኢብኑ ኢስሓቅ ስማቸውን ከመዘገባቸው ሰዎች ሁለቱን ያዝልኝ። አንደኛው ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ነው። ሁለተኛው ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር፤ መካ ውስጥ በድሎት ያደገ፣ በልብሱና በሽቶው የሚታወቅ ወጣት (ረዲየሏሁ ዐንሁማ)። ሁለቱም ዲናቸውን ይዘው ወደኛ ምድር መጡ።

ከዓመታት በኋላ ዐብዱረሕማን መዲና ሲገባ ንብረቱ መካ ቀርቷል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ከአንሷር ሀብታሞች አንዱ ነበር፤ ሀብቱን እኩል ሊያካፍለው ተነሳ። አስበው፣ ትናንት የተዋወቅከው ሰው ግማሽ ንብረቱን ውሰድ ሲልህ! ዐብዱረሕማን ግን በቤተሰቡም በንብረቱም አላህ በረካ እንዲያደርግለት ዱዓ አደረገለትና ገበያው የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀው። የበኒ ቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩት። ሄደ፣ ማታ የደረቀ አይብና ቅቤ አትርፎ ተመለሰ። ቡኻሪ የዘገበው ይህንን ነው። አይብና ቅቤ፤ ሌላ ነገር አይደለም።

በማግስቱም ሄደ፤ በማግስቱም። ከቀናት በኋላ ልብሱ ላይ የዘዕፈራን ምልክት ታየና ረሱል ምን እንደሆነ ጠየቁት። አግብቼ ነው አለ። መህሩ የአንድ ተምር ፍሬ የሚያህል ወርቅ ነበር። በአንድ በግ እንኳ ቢሆን ወሊማ እንዲያደርግ አዘዙት። ለኒካሕ አዳራሽና ዲኮር ካልተሟላ ብለህ የምታዘገይ ወንድሜ፣ እዚች ጋ ትንሽ ቆይ።

«ራሱን በራሱ የሠራ» የሚለውን አባባል ብዙ አልወደውም። ዐብዱረሕማን ያደረው ሰዕድ ቤት ነው፣ ገበያውን ያሳዩትም እነሱ ናቸው። ስጦታው ሐራም ስለሆነ ወይም ሰዕድን ስለናቀ አይደለም ያልወሰደው። ጉልበት ስለነበረው ነው። ሰዕድ እንኳ ሀብታም ነበር፤ እህትህ ግን የምትልክልህ ከእንቅልፏ ቆርጣ ነው። ያንን ገንዘብ ውርርድ ቤት ይዘህ ስትገባ የማን እንቅልፍ ላይ እየተወራረድክ እንደሆነ ጠይቅ። ቁማር ሐራም መሆኑን ለአንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህ የዐብዱረሕማን መንገድ ለአባቶቻችንም ባዕድ አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት በብዙ አካባቢ መሬት የመያዝ መብት የተነፈጋቸው ሙስሊሞች ወደ ንግድና ወደ ሽመና ገቡ። ከጉራጌና ከስልጤ የመጡ ልጆች በሊስትሮ ሳጥን ጀምረው መርካቶ ላይ ሱቅ ከፈቱ። የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ደግሞ የዕድሜ ልክ ልፋታቸውን በአንድ ቀን ያጡ ነበሩ። ቀሪ ሕይወታቸውን በቁጭት የጨረሱ አሉ። አልሐምዱሊላህ ብለው እንደገና ከትንሽ የጀመሩም አሉ።

የዐብዱረሕማን ንግድ ከመዲና ትልልቆቹ አንዱ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም። ከሀብቱ ብዛት የተነሳ ጀነት እየዳኸ ይገባል የሚል ሐዲስ በየቦታው ይነገራል። ኢማም አሕመድ ሐሰት ብለውታል፤ ኢብኑል ጀውዚም ከፈጠራዎቹ መካከል መዝግበውታል። ሰውየው በጀነት ከተበሰሩት ዐሥሩ አንዱ ነው። በተቡክ ዘመቻ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከኋላው ሆነው የሱብሒን ሶላት ሰግደዋል። ዑመር (ረ.ዐ.) በ23 ዓመተ ሂጅራ ኸሊፋ እንዲመርጡ ከሰየሟቸው ስድስት ሰዎች መካከል ሆኖ የራሱን ዕድል ትቶ ሌሊቱን ሰዎችን ሲያማክር ያደረ እሱ ነው። ሀብት በራሱ ሰውን አያስድኸውም፤ ድሃ መሆንም በራሱ አያስሮጠውም።

ሙስዐብስ? ሙስዐብ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ከድሎት ወደ ምንም። በሂጅራ 3ኛው ዓመት ኡሑድ ላይ ባንዲራውን እንደያዘ ተገደለ። ለከፈኑ የተገኘው አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር፤ ጭንቅላቱን ሲሸፍኑት እግሩ ይታያል፣ እግሩን ሲሸፍኑት ጭንቅላቱ ይታያል። እግሩ ላይ እዝኺር የሚባለውን ሣር አደረጉበት።

ዓመታት አለፉ። ዐብዱረሕማን አንድ ቀን ጾሞ ውሎ ለኢፍጣር ምግብ ቀረበለት። ሳይነካው ሙስዐብን አነሳ፤ እሱ ከኔ የተሻለ ነበር አለ፣ ያንን አጭር ጨርቅም አነሳ። ሐምዛንም አስታወሰ። ከዚያ ዱንያ እንዴት እንደተዘረጋላቸው ተናገረና የመልካም ሥራችን ምንዳ ቀድሞ ተሰጥቶን እንዳይሆን እፈራለሁ አለ። አለቀሰ። ምግቡን ተወው።

ወንድሜ፣ ያን ቀን ምግቡ ሐላል ነበር፤ ዘካው የወጣ፣ ሰደቃው የተሰጠ ገንዘብ ነው። ያስለቀሰው ሌላ ነገር ነው። አብሮት ሐበሻ የተሰደደ ጓደኛው ምንም ሳይቀምስ ሄዷል፤ እሱ ደግሞ እየኖረ፣ እያተረፈ፣ እየበላ ነው። እኛ ትንሽ ሲያልፍልን አላህ ወዶኝ ነው እንላለን። እሱ ግን ሂሳቡ አስቀድሞ ተከፍሎ እንዳይሆን ሰጋ። ነጋዴ ነውና ሂሳብ ያውቃል።

በ32 ዓመተ ሂጅራ ሰባዎቹን አልፎ ሞተ፤ በቂዕ ተቀበረ። በበድር ከዘመቱት ውስጥ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 400 ዲናር ኑዛዜ ትቶ ነበር፤ መቶ ሰው ተገኘ ይላል ዘገባው። ዑስማን (ረ.ዐ.) ያኔ ኸሊፋ ነው፣ ራሱም ሀብታም ነው፤ ግን የዐብዱረሕማን ገንዘብ ንጹሕ ሐላል ነው ብሎ ድርሻውን ወሰደ።

ሙስዐብም የበድር ሰው ነበር። በዚያ ቀን ግን ኡሑድ ሥር ከተቀበረ 29 ዓመት ሆኖታል።