ዕዳው በማን ስም ይመዝገብ?

አካውንቲንግ የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ለውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል የጻፈውን ማመልከቻ «ጋሼ፣ ቋንቋውን አቃናልኝ» ብሎ አመጣልኝ። ሳነበው አባቱን ገድሏቸዋል! ጠዋት «እንደምን አደሩ» ያልኳቸው ሰው በወረቀቱ ላይ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው። ማንን ጎዳሁ?» አለኝ።

እውነት ማንን ጎዳ? ድህነቱ እንደሆነ ሐሰት አይደለም። ሰጪውም ባለጸጋ ነው። መልሱ ግን ያለው በገዛ ሙያው ውስጥ ነው። ኢጣሊያዊው መነኩሴ ሉካ ፓቺዮሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስተማረው፣ ዴቢት ያለ ክሬዲት አይቆምም፤ በአንዱ ወገን የተጻፈ ሁሉ በሌላው ወገን አቻ አለው። የትምህርት ዕድሉም በቁጥር የተወሰነ ነው። የዚህ ልጅ ስም ሲገባ የሌላው ይወጣል፤ ምናልባትም አባቱ በእርግጥ የሞተበት ልጅ ስም። ስላላወቅነው ከመዝገቡ አይፋቅም። ሁሉም ይዋሻል ካልን ደግሞ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ያልዋሸው ነው።

«አባትህን አስነሥተህ ተመለስ» ብዬ ወረቀቱን ሰጠሁት። የማመልከቻው ጊዜ ሊያበቃ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ እስካሁን አልመጣም። እናንተስ ብትሆኑ ታቃኑለት ነበር?