የሚያስደነግጠን ሁሉ ጠላታችን ነውን?

የዛሬው ጥያቄዬ ለአንዳንዶች ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። በግቢያችን ውስጥ መልኩን አይተነው የማናውቅ ትልቅ ነፍሳት ድንገት ቢገጥመን ልንገድለው ይገባናልን? ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ የምናነሳው፣ ካነሳነውም፣ ጫማችን ካረፈበት በኋላ ነው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከጎረቤት ግቢ ጩኸት ሰምቼ ሄድኩ። ደጅ ላይ ከሚበራው አምፖል ሥር፣ መዳፍ የሚሸፍን የእሳት እራት ግድግዳው ላይ አርፎ ኖሯል። ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ትላልቅ ዓይኖች ያፈጠጡ መሰለ። እኔ ስደርስ ነገሩ አልቆ ነበር፤ የቀረው ግድግዳው ላይ የተበተነ ቡናማ ዱቄት ነው። «ምን አደረጋችሁ?» ብዬ ብጠይቅ «አስደነገጠን» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ክስ አልነበረም።

ክሱን እንመርምረው። ከእነዚህ ትላልቅ የእሳት እራቶች ወገን የሆኑት ብዙዎቹ አባጨጓሬነታቸውን ጨርሰው ክንፍ ካወጡ በኋላ የሚመገቡበት አፍ እንኳ የላቸውም። አባጨጓሬ ሳሉ ባጠራቀሙት ስብ ጥቂት ቀናት ኖረው፣ ተራክበውና እንቁላል ጥለው ይሞታሉ። አይናከሱም፣ አይናደፉም። በክንፋቸው ላይ ያሉት «ዓይኖች» ሊበላቸው የመጣውን ወፍ ለአፍታ አስደንግጠው ለማምለጥ የተሰጧቸው መከላከያ ናቸው። እንግዲህ ያ ፍጡር የተገደለው ከሞት እንዲያድነው በተሰጠው ነገር ምክንያት ነው።

በአንጻሩ ትንኝን እንመልከት። ትንሽ ናት፤ ስትገባም አንጮህም። ነገር ግን ይህች ኢምንት ፍጡር የምታስተላልፈው ወባ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 600 ሺህ ያህል ሰዎችን መግደሉን የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ድንጋጤያችን የሚለካው በግዝፈትና በመልክ ነው፤ ጉዳት ግን በግዝፈት አይለካም። ስለዚህ ድንጋጤ ጥሩ ዘበኛ ሊሆን ይችላል፤ ዳኛ ሊሆን ግን አይችልም።

ሃይማኖታችንም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። ጊንጥን፣ አይጥንና ተናካሽ ውሻን የመሰሉ ጎጂ እንስሳት በሐረም ክልል ውስጥ እንኳ እንዲገደሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈቅደዋል። ልብ በሉ! የፈቃዱ ምክንያት ጉዳት እንጂ አስፈሪ መልክ አይደለም። በሌላ በኩል ጉንዳንና ንብ እንዳይገደሉ ከልክለዋል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡትም፣ ከቀደምት ነቢያት አንዱን ጉንዳን ነክሳቸው የጉንዳኖቹን መንደር ቢያስቃጥሉ፣ በአንዲት ጉንዳን ምክንያት አላህን የሚያወድስ ሕዝብ በማጥፋታቸው ከአላህ (ሱ.ወ.) ዘንድ ወቀሳ መጥቶባቸዋል። በእርግጥ የተነከሰ ሰው ከልክ በማለፉ ከተወቀሰ፣ የደነገጠ ብቻ ምን ሊባል ነው?

«ታዲያ አደገኛው ቢመጣ ዝም እንበል?» የሚል ይኖራል። በፍጹም! በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ከእስያ የመጣ ግዙፍ ተርብ ተገኘ። ይህ ተርብ አንድን የንብ ቀፎ በሰዓታት ውስጥ ሊጨርስ የሚችል ነው። ባለሙያዎች መጀመሪያ ማንነቱን አረጋገጡ፤ ከዚያም በሕይወት በያዟቸው ተርቦች ላይ ጥቃቅን የሬዲዮ መሣሪያ አሥረው በመልቀቅና በመከተል፣ በጥቅምት 2020 ዛፍ ውስጥ ያለውን ጎጆ አግኝተው አስወገዱ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ተርቡ ከአገሩ መጥፋቱ ተነገረ። ይህ ቆራጥ እርምጃ ነው። ግን በማጣራት ተጀመረ እንጂ በድንጋጤ አልተጀመረም።

ሳናጣራ የምንገድለው ምን እንደሆነስ እናውቃለን? እበት የምታንከባልለውን ጥንዚዛ ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል? አውስትራሊያ ግን የከብቶቿ እበት ሜዳውን ሸፍኖ ዝንብ ሲያፈላባት፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጥንዚዛዎችን ከአፍሪካና ከሌሎችም ቦታዎች አስመጥታ ለቀቀች። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከስዊድንና ከደቡብ አፍሪካ የተውጣጡ ተመራማሪዎች፣ አንድ የጥንዚዛ ዓይነት በጨለማ እበቷን ቀጥ ባለ መስመር የምታንከባልለው ፍኖተ ሐሊብ የተባለውን የከዋክብት ጭፍራ ተመርኩዛ መሆኑን አሳወቁ። ይህን ያረጋገጡት ሰማይን እንዳታይ ትንሽ ቆብ አድርገውላት መንገዷ ሲጠፋባት በማየት ጭምር ነው። በእግራችን የምንደፈጥጣት ፍጡር ሰማይን አንብባ የምትሄድ ናት። ሱብሐነላህ!

ሌላው ተቃውሞ «ሰው በሚራብበትና በሚፈናቀልበት ዘመን ለእሳት እራት ማዘን ቅንጦት ነው» የሚለው ነው። በእርግጥ የሰው ነፍስ ትቀድማለች። ነገር ግን ርኅራኄ ለአንዱ ሲሰጡት ለሌላው የሚጎድል ገንዘብ አይደለም። እንዲያውም በመለማመድ የሚያድግ ነው። ጭካኔም እንዲሁ።

ዋናው ጭንቀቴም እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችን አጠገባችን ቆመው ያያሉ። «የማታውቀውን፣ መልኩ ያላማረህን፣ ያስደነገጠህን ምታው» የሚል ትምህርት ከእኛ ቢወስዱ፣ ነገ ይህን ሕግ በነፍሳት ላይ ብቻ የሚያቆሙት ይመስለናል? በአለባበሱ፣ በአነጋገሩ ወይም በመጣበት አገር ምክንያት ገና ሳይናገር የተፈረደበት ሰው፣ «ምን አደረገ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አስደነገጠን» የሚለው መልስ ምን ያህል እንደሚያቆስል ያውቃል። ከመካከላችን ይህን ያልቀመሰ ስንቱ ነው?

ስለዚህ ከደጃችን እንግዳ ፍጡር ስናይ ቢያንስ ሦስት ነገር እናድርግ። ልጆችን ራቅ እናድርግ፤ ምንነቱን እንጠይቅ፤ ጎጂ ካልሆነ መብራቱን እናጥፋለት ወይም በብርጭቆና በወረቀት ይዘን ወደ ዛፉ እንመልሰው። ጎጂ ከሆነ ደግሞ ሳናሰቃይ እናስወግደው። ይህን ለማድረግ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ግን ፍርዳችን ከፍርሃታችን ይለያል።

አላህ (ሱ.ወ.) ከመፍረዳቸው በፊት ከሚያጣሩት ያድርገን። አሚን።